ሳይመቱ መድረስ

ሰው ሰውን የሚመዝንበት ሚዛን እንደየአገሩ ነው። እኛ ዘንድ ሚዛኑ ዓይን ነው። እንግዳው ሲገባ ጫማውን እንዴት እንዳወለቀ፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ ከወንበሩ ተነሣ ወይስ የተነሣ መሰለ፣ ማዕድ ላይ ከፊቱ ይቆርሳል ወይስ እጁን ወደ ጎረቤቱ ይሰዳል፣ ይህ ሁሉ ታይቶ፣ በሆድ ተደምሮና ተቀንሶ፣ በመጨረሻ «ጥሩ ልጅ ነው» ወይም «እንጃ» የሚል ውጤት ይወጣል። «እንጃ» የተባለ ሰው አለቀለት፤ ይግባኝ የሚልበት ችሎት የለም። ስዊድኖች ደግሞ ዓይናቸውን አያምኑም። ዓይን ይወዳል፣ ዓይን ይጠላል ይላሉ፤ ስለዚህ ሰውን የሚይዙት በቁጥር ነው። አገራቸው ገብታችሁ ገና ሳትሞቁ ፐርሹንኑመር የሚባል የማንነት ቁጥር ይሰጧችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ስማችሁ ለጌጥ ነው። ሐኪም ቤት ብትሄዱ ቁጥር፣ ቤት ለመከራየት ብትመዘገቡ ቁጥር፣ ኬክ ልትገዙ ብትገቡ እንኳ ከግድግዳ ላይ ቁጥር ቀድዳችሁ ትቆማላችሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይከፋችኋል። እየቆያችሁ ስትሄዱ ግን «ቁጥር አያዳላም» እያላችሁ ለአዲስ መጪ መስበክ ትጀምራላችሁ።

እኔ በእነዚህ በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ስወዛወዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ ስቶክሆልም ዳር፣ ሶልና ውስጥ፣ ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ፣ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሰው ትኬት ማየት ነው። ዓይንን ገልጦ ማለም ደሞዝ የሚከፈልበት ሌላ ሥራ አላውቅም። ባቡሩ ይመጣል፣ ሰው ይፈሳል፣ ባቡሩ ይሄዳል፣ ጸጥ ይላል፤ ከዋሻው የሚመጣው ነፋስ ፊታችሁን ይዳብሳችኋል፤ ሐሳባችሁ ሳታስቡት ደሴ ይደርስና ሌላ ባቡር ሲመጣ ይመለሳል። ይኼን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ስለ አንድ አሜሪካዊ ጨዋታ ስሌት አንድ ሙሉ በጋ ሲያስብ ቢከርም እንዳይገርማችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሽበቴ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት ስቶክሆልም ውስጥ ለእኛ ሰው ያጠረው ነገር ቢኖር ሽማግሌ ነበር። ሁላችንም በጉብዝና ነዋ የተሰደድነው። ሽማግሌዎቻችን እዚያው ቀርተዋል። ሚስት የሚያጭ ሰው ደግሞ ያለ ሽማግሌ አይሆንለትም፤ ስለዚህ የአርባ ዓመት ሰው ተፈልጎ፣ ጢሙ ታይቶ፣ ይመለመላል። እኔ አገጬ ላይ ሁለት ነጭ ፀጉር ብቅ ባለ በሳምንቱ ኑሩ የሚባል ልጅ የመስታወቱን ቤት አንኳኳና «ጋሽ ከማል፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አለኝ። አንቱ ሲለኝ ዘወር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም አልነበረም።

ኑሩ መርካቶ ተወልዶ ኩባ ያደገ ልጅ ነው። አባቱ ወታደር ነበሩ፤ በኦጋዴን ጦርነት ሞቱ፤ እናቱም ብዙ አልቆዩ። እንደሱ ያሉ ልጆች በመርከብ ኩባ ተልከው እዚያ እንደተማሩ ታስታውሳላችሁ። እሱም ሸንኮራ አገዳ እየቆረጠ፣ ስፓኒሽ እያወራ፣ ከሰዓት በኋላ ቤዝቦል እየተጫወተ አደገ። ከዚያ ዞሮ ዞሮ ስዊድን ገባ። ሶልና ባለው ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ከክፍል ክፍል በተሽከርካሪ አልጋ የሚያመላልስ ሠራተኛ ሆነ፤ እዚያው ነርስ ከሆነችው ከዘሐራ ጋር ተዋወቁ። ዘሐራ የጋሽ ይመር ልጅ ናት። ጋሽ ይመርን ያላወቀ ወሎዬ ስቶክሆልም ውስጥ አልነበረም።

ጋሽ ይመር በደህናው ጊዜ ከደሴ አሰብ ከባድ መኪና የነዱ፣ የባቲን ቁልቁለት በጨለማ የወረዱ ሰው ናቸው። ባለቤታቸውን ሱዳን ላይ ቀብረው፣ ትንሿን ዘሐራን ታቅፈው መጡ። እዚህ መንጃ ፈቃዳቸውን የሚያይላቸው አልተገኘም፤ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ወገባቸው እስኪከዳቸው ሠሩ፣ ከዚያ ጡረታ ወጡ። ልጃቸውን ያለ እናት፣ ፀጉሯን ራሳቸው እየጎነጎኑ አሳደጓት። በአማርኛ ያወሯታል፣ በስዊድንኛ ትመልሳለች፤ እንዲህ እየተባባሉ በሰላም የሚኖሩ አባትና ልጅ ነበሩ።

ሽምግልናውን የመሩት አያ ሁሴን ናቸው፤ ሶደርተልየ የሥጋ ሱቅ ያላቸው፣ እውነተኛ ሽበት ያበቀሉ ብቸኛው ሰው። አንድ እሑድ፣ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ፣ ሄደን ተቀመጥን። ዘሐራ የጠበሰችው ሳንቡሳ ፊታችን ተቀመጠ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። እኔ ግን ከሥራ በቀጥታ ነበር የሄድኩት፤ ዓይኔ ከሳንቡሳው ላይ አልነሣ አለኝ። አያ ሁሴን በምሳሌ ጀምረው፣ በምሳሌ ዞረው፣ መጨረሻ ላይ ነገሩን አወጡት። ጋሽ ይመር ጢማቸውን ዳበሱና «እናስብበት» አሉ። ይኼ ደንብ ነው፤ ሽማግሌን በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ ከበደችው ይባላል። ብቻ ለወጉ ያህል ዘሐራን ጠርተው «ምን ትያለሽ?» አሏት። እሷም «ያግ ካን ቬንታ» ብላ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። መጠበቅ እችላለሁ ማለቷ ነው። ጋሽ ይመር ፊታቸው ፈካ። ልጅቷ ይኼን ያህልም አልጓጓችም ብለው ነው።

በሁለተኛው ጉዟችን ጥያቄው መጣ። «የማን ልጅ ነው?» አሉን። ነገርናቸው። «እሱንማ ሰምቻለሁ። ሰው ሲታጭ ጎረቤቱ ይጠየቃል፣ ያሳደገው ሰፈር ይጠየቃል። ኩባ ያደገን ልጅ ማንን ልጠይቅ? ባሕሩን?» አሉ። አያ ሁሴን እንኳ ለዚህ ምሳሌ አጡ። ሳንቡሳው እንዲሁ ተመለሰ። እኔን በር ላይ አስቀሩኝና «ከማል፣ ሰው የሚታወቀው ሲሠራ አይደለም፤ ሲሠራ ሁሉም አለቃውን ይፈራል። ሲጫወት ነው የሚታወቀው። ይኼ ልጅ ያን የኩባውን ቤዝቦል እዚህም ይጫወታል አሉ። ሳያውቅ ወስደህ ታሳየኛለህ» አሉኝ።

ወሰድኳቸው። ሜዳው ከአንድ ሐይቅ ዳር፣ በበርች ዛፎች የተከበበ ሣር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነው። የስቶክሆልምን የሰኔ ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መሄጃ እንደሌለው እንግዳ ነው፣ ቁጭ ካለ አይነሣም። ሣሩ ታጭዶ ይሸታል። ተመልካቹ ጥቂት የተጫዋች ሚስቶች፣ ሁለት ውሾችና በተጣጣፊ ወንበር የተቀመጠ ሌናርት የሚባል ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ ነው። (እኛ ብንሆን ጋሽ ሌናርት በሆነ፤ ግን ስዊድንኛ አንቱታን ከጣለ ቆይቷል፣ እኔም አንተ እያልኩት እሳቀቃለሁ።) በዚያ ሜዳ ላይ ማንም አይቸኩልም። ሰዓት የለውም ጨዋታው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ዱላ ይዞ ይቆማል፣ ሌሎቹ ሩቅ ሩቅ ቆመው ደመና ያያሉ። አሥር ደቂቃ ካያችሁት እንቅልፍ ይወስዳችኋል፤ አንድ ሰዓት ካያችሁት ደግሞ እንቅልፉ ራሱ ጨዋታው መሆኑ ይገባችኋል።

መጀመሪያ አንድ ዘንካታ ስዊድናዊ ዱላውን ይዞ ቆመ። ኳሷ መጣች፣ አወራጨ፣ ስቶ ዞረ። እንደገና መጣች፤ መታት። ኳሷ ከበርቹ በላይ ወጥታ፣ ከሰማዩ ጋር ተመሳስላ፣ ለመውረድ ያሰበችም አትመስልም። ሁሉም አጨበጨበ። ጋሽ ይመርም አጨበጨቡ። ኳሷ ወርዳ ከሩቁ ተጫዋች እጅ ላይ ስታርፍና ሰውዬው ተባርሮ ሲወጣ እንኳ «ይኼ ነው ወንድ» አሉ። ቀጥሎ ኑሩ ገባ። ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆመ። ኳስ መጣች፣ ዝም አለ። ሌላ መጣች፣ ዝም። ሌላም፣ ሌላም። ከዚያ ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ በዝግታ ቤዝ ወደሚሉት ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ሄደ። ሁለተኛ ተራው ሲደርስም እንዲሁ አደረገ። ሦስተኛ ጊዜ ዝም ብሎ ቆሞ ተባረረ። ጋሽ ይመር ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። «ከማል፣ ዱላ ይዞ ይቆማል፣ ሳይመታ ይጥለዋል፣ በእግሩ ይሄዳል። ልጄን ለዚህ ነው የምሰጠው?» አሉኝ። በሦስተኛው ጉዟችን አላስቀመጡንም። በር ላይ «ይቅርባችሁ» አሉንና የአያ ሁሴንን እጅ ስመው መለሱን።

ሽማግሌ ሲባረር የሚያፍረው ሽማግሌው ነው፤ ልጁ ቢያዝን ነው። ኑሩን ጣቢያዬ ድረስ ሲመጣ «አንተ ልጅ፣ አንዷን እንኳ ብትመታት ምን ነበረበት?» አልኩት። እሱ ሳቅ አለና «መጥፎ ኳስ አይመታም፣ ጋሽ ከማል። አራት መጥፎ ከወረወረልህ መንገዱ ያንተ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «እናት አባት የሌለው ልጅ መጀመሪያ የሚማረው መጠበቅን ነው። ሌላውን ሁሉ ኋላ ነው የተማርኩት» አለ። ባቡር መጣና ሄደ። እኔ መስታወቴ ውስጥ ቀረሁ፤ የቀኑን ሰው ሁሉ ሳየው ዋልኩ፣ አንዱንም አላየሁም። ልጁ አሳዘነኝ። እልህም ያዘኝ።

ስለዚህ እሮብ እሮብ ለልምምድ ሲወጡ ሌናርት አጠገብ ሣሩ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ለእንግዳ ሰው የሚያስረዳው ነገር ያገኘ አስተማሪ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ቡናውን ከቴርሞሱ ቀድቶ ሰጠኝና ፊቱ ዓሥር ዓመት ታደሰ። መጀመሪያ ጨዋታውን አስረዳኝ። ተጫዋቹ የሚነሣው ቤት ከሚሉት ቦታ ነው። ከቤት ወጥቶ፣ ሦስት ቤዝ ዞሮ፣ ወደ ቤት ሲመለስ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ከመመለሱ በፊት የሠራው ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ነጥብ አይደለም። ወርዋሪው ኳሷን ከጉልበት በላይ ከደረት በታች፣ በቤቱ አናት ላይ ማሳለፍ አለበት። ሦስት ጥሩ ኳስ ያመለጠው፣ የመታትም መሬት ሳትነካ የተያዘችበት፣ ተባርሮ ይወጣል። አራት መጥፎ ኳስ ያሳለፈ ግን ዱላውን ጥሎ በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሄዳል።

ከዚያ ወደ ስሌቱ ገባን። እዚህ ላይ አትሽሹኝ፤ እኔም ሒሳብ ስሸሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ድሮ ተጫዋች የሚመዘነው ስንት ጊዜ መትቶ ደረሰ በሚል ነበር። ሳይመታ በነጻ የሄደባት ጊዜ በዚያ ሚዛን ላይ የለችም። ለመልካሙም አትቆጠርለት፣ ለክፉውም አትቆጠርበት፤ ያን ሰዓት ሰውዬው እንዳልነበረ ነው። ኋላ ግን አሜሪካ ውስጥ ቁጥር የሚወዱ አንዳንድ ሰዎች ተነሡና «እስቲ እንዴት ደረሰን እንተወው፤ ደረሰ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከቆመበት ጊዜ ውስጥ ስንቱን ደረሰ፣ አለቀ። ሌናርት ጣቱን ወደ ዘንካታው ቀስሮ «እሱ ሲመታ ያምራል፤ ከሦስት አንዴ ይደርሳል። ኑሩ አያምርም፤ ከሁለት አንዴ ይደርሳል» አለኝ። እኔ ለካ ያን ቀን ያጨበጨብነው ለተባረረው ሰው ነው አልኩ በልቤ።

ይኼ ብቻ አይደለም። በአንድ ቀን ጨዋታ ሰው አይፈረድበትም፣ ብዙ ቀን ይታያል አለኝ። ሜዳውም ይታሰባል አለኝ፤ ከሐይቁ ነፋስ በሚመጣበት ሜዳ የተመታች ኳስ ነፋስ በሌለበት ከተመታችው እኩል አትሄድም፣ ስለዚህ ሰውን ከቆመበት መሬት ነጥላችሁ አትመዝኑት። አንዱን ስሌት ደግሞ በጣም ወደድኩት። ተጫዋችን ከአንደኛው ጀግና ጋር አታወዳድሩት፤ እሱ ቢሄድ በቦታው ከሚገባው ሰው ጋር አወዳድሩት ይላል። እኔ ይኼን ስሰማ ትዝ ያሉኝ ጋሽ ይመር ናቸው። ለዘሐራ የሚመኙላት ሐኪም የሆነ፣ ወሎዬ የሆነ፣ ቁርኣን ያኸተመ፣ ቁመቱ የሚያምር፣ እናቱ በሕይወት ያሉ፣ ግን ጣልቃ የማይገቡ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስቶክሆልም ውስጥ የለም፤ ቢኖርም አግብቷል።

መስታወት ቤቴ ውስጥ ያን በጋ ያልመዘንኩት ሰው የለም። በደጄ የሚያልፈውን ሁሉ ከቤት የወጣ ተጫዋች አደረግሁት። እያፏጨ የሚሮጠውን ወጣት፣ ጋሪ የምትገፋዋን እናት፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቆሞ ባቡሩን የሚያሳልፈውን አዛውንት። ይኼኛው መትቶ ነው የደረሰው፣ ያቺኛዋ ጠብቃ ነው፣ ያኛው ገና ቆሟል እላለሁ። የዋሻው ነፋስ ሲመጣ የሐይቁ ነፋስ ይመስለኛል፤ ሣሩ ይሸተኛል። አንዴ እንዲያውም አንዲት ሴትዮ ትኬቷን ዘርግታ እኔ ሳላያት ብዙ ቆመች መሰለኝ፣ መስታወቱን ስታንኳኳ ነው የነቃሁት። ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም ችግር የለም፣ እጠብቃለሁ አለችኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ፀሐዩ መቸኮል ሲጀምር፣ አያ ሁሴንን ለምኜ ለአራተኛ ጊዜ ወጣን። አያ ሁሴን በመንገድ ላይ «ሦስቴ የተመለሰ ሽማግሌ አራተኛ ሲሄድ ሽማግሌ አይባልም፣ ለማኝ ነው» እያሉ ሲነጫነጩ ነበር። ጋሽ ይመር ግን በሩን ከፍተው አስገቡን፣ አስቀመጡን። ሳንቡሳውም መጣ። ዘሐራ አስቀምጣው ወጥ ቤት በር ላይ ቆመች። እኔ ጉሮሮዬን ጠራረግሁና ስሌቱን ዘረገፍኩት፤ የድሮውን ሚዛን፣ የአዲሱን፣ በአንድ ቀን አለመፍረድን፣ ሁሉንም። ላብ አጥምቆኝ ነበር። «ጋሽ ይመር፣ ይኼ ልጅ ከሦስት አንዴ ይደርሳል» ብዬ ጨረስኩ።

«ከሁለት አንዴ ነው፣ ከማል» አሉኝ። «ከሦስት አንዴ የዘንካታው ነው።»

አያ ሁሴን ወደኔ ዞረው ምን እየተባለ ነው በሚል ዓይን ያዩኛል፤ እኔ ምን ልበላቸው? ጋሽ ይመር አላሾፉብኝም፤ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ለካ ዘሐራ ቅዳሜ ቅዳሜ «ለወገብህ አየር ያስፈልግሃል» እያለች በመኪናዋ ሜዳው ድረስ ታደርሳቸው ኖሯል። እኔ ቅዳሜ ሥራ ነኝ። ስለ ኑሩ አንድ ቃል አትናገርም፤ ወንበራቸውን ሌናርት አጠገብ ዘርግታላቸው ትሄዳለች። የጋሽ ይመር ስዊድንኛ እንደ ሁላችንም ነው፤ ቁጥር ግን አስተርጓሚ አይፈልግም፣ ሁለቱ አዛውንቶች በስብርባሪ ስዊድንኛና በጣታቸው እየተግባቡ በጋውን አሳለፉት። ኑሩም ያያቸዋል፣ ከሩቅ እጅ ነሥቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከእኔና ከአያ ሁሴን በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ያን ሁሉ ስሌት ለእሳቸው ስል ያጠናሁላቸው ሰውዬ አስተማሪዬ ሊሆኑ ትንሽ ነው የቀራቸው።

«መጀመሪያ ስቄበት ነበር» አሉ ጋሽ ይመር። «ዱላ ይዞ የማይመታ ሰው አልኩ። ኋላ ሌናርት ሳይመታ የደረሰ በድሮው ሚዛን እንዳልነበረ ይቆጠራል ሲለኝ ቤቴ ገብቼ አሰብኩት። እኔ ስዊድን የገባሁት መትቼ ነው? ሱዳን ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እዚህ መጥቼ ወረቀት እስኪሰጠኝ ቆሜ ጠበቅኩ። የባቲን ቁልቁለት የወረድኩ ሰውዬ አንሶላ እያጠፍኩ ጠበቅኩ። አንድም ቀን ያጨበጨበልኝ የለም። ግን ደርሻለሁ፣ ልጄም ደርሳለች፤ አልሐምዱሊላህ። ይኼን ልጅ ካልቆጠርኩት ራሴንም አልቆጠርኩም።»

አያ ሁሴን ጨዋታው ባይገባቸውም ነገሩ ገባቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ በለሆሳስ፤ ከዚያን ዕለት ምሳሌዎቻቸው ሁሉ ቦታዋን ያገኘችው ይቺ ናት። እኔ አለቀ ብዬ ዓይኔን ወደ ሳንቡሳው ላክሁ። ጋሽ ይመር ግን አልጨረሱም ነበር። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«አንድ ያልገባኝ ስሌት አለ፣ ከማል። ያ የተተኪው። ተጫዋች ሲሄድ በቦታው የሚገባው ማን ነው የሚለው። ሌናርትን ጠይቄው ነበር። በእሷ ቦታ ማን ይገባል?»

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ኑሩ ሐኪም ቢሆን፣ ወሎዬ ቢሆን፣ ኳሷን ሁሉ ከበርቹ በላይ ቢያበር፣ «እናስብበት» ነበር የሚባለው። የኪራይ ቤት ወረፋው ለኑሩ የደረሰው ሜርስታ ነው፤ ሩቅ ነው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጎን። ሰውዬው የፈሩት ኩባን አይደለም፤ ማታ ማታ በስዊድንኛ የሚመልስላቸው ሰው የሌለበትን ቤት ነው። አሳዘኑኝ። እውነቱን አልኳቸው፣ «ጋሽ ይመር፣ በእሷ ቦታ የሚገባ የለም። ያ ስሌት ለልጅ አይሠራም።»

«ሌናርትም እንዲሁ አለኝ» አሉ። «እሱም ሦስት ድሯል።»

ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞሩና «ዘሐራ፣ ምን ትያለሽ?» አሏት። ዘሐራ ዝም አለች። በአማርኛም፣ በስዊድንኛም ዝም። የልጃገረድ ዝምታ በሃይማኖታችን እሺታ ነው፤ ያንን ሁላችንም እናውቃለን። ግን እኔ የማየው ሌላ ነገር ነበር። የመጀመሪያው ቀን «መጠበቅ እችላለሁ» ያለችው ልጅ ይቺ ናት። እኛ ሁለት ሽማግሌዎች በምሳሌና በስሌት ስንወራጭ፣ አባቷ ኩባን፣ ዘመድን፣ ዱላን፣ ሲጨንቃቸውም «ይቅርባችሁን» ሲወረውሩ፣ እሷ አልተከራከረች፣ አላለቀሰች፣ አላኮረፈች። ወንበር ዘርግታ ሄደች። የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል የሚለው ተረት ለኑሩ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ቆሞ ሲጠብቅ የከረመው እሱ ብቻ አልነበረም።

ጋሽ ይመርም ያን ያዩ መሰለኝ። ወገባቸውን ይዘው ተነሡ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ ልክ ሜዳ ላይ ዳኛው እንደሚያደርገው፣ ወደ በሩ አመለከቱ።

«አራተኛዋ ኳስ ናት» አሉ። «ዱላሽን ጣይና ሂጂ። ነጥብ የሚቆጠረው ግን ቤት ሲመለሱ ነው። እንዳትረሺ።»

«እሺ አባባ» አለች ዘሐራ። በአማርኛ ስትመልስላቸው ያን ቀን ነው የሰማኋት። ጋሽ ይመር ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠራርገው «ብሉ እንጂ፣ ምን ታያላችሁ» ሲሉን ሳንቡሳው ቀዝቅዞ ነበር። በላነው።

ሠርጉ በዚያው መፀው ሆነ፤ ሌናርት ክራቫት አስሮ መጥቶ ከአያ ሁሴን ጎን ተቀመጠ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ ሲሳሳቁ አመሹ። ኑሩ ዛሬም አይመታም። እኔም ዛሬም ስሌቱን ከሦስት ነው ወይስ ከሁለት እያልኩ እደናገራለሁ፤ መስታወት ቤቴ ውስጥ ሆኜ ሰው መመዘኑንም ትቻለሁ ብላችሁ አትመኑኝ። ባልና ሚስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ ወደ ሜርስታ ከመሄዳቸው በፊት ጋሽ ይመር ቤት ይገባሉ። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ እዚያ ተቀምጬ አየሁ። በሩ ሲንኳኳ ጋሽ ይመር ቶሎ አይነሡም። መጀመሪያ ቀስ ብለው «አንድ» ይላሉ። ከዚያ ነው የሚከፍቱት።